ዓርብ ማታ፣ የክሪዮል እራት በኒው ኦርሊንስ ሆቴል፦ ምን እንዘዝ፣ ምንስ እንጠጣ?

ጥያቄ፦ የአትላንታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የአማቴን፣ የባለቤቴን አባት፣ 70ኛ ልደት ኒው ኦርሊንስ ላይ ልናከብር ነው። የምናርፈው ፍሬንች ኳርተር ውስጥ፣ ሮያል ጎዳና ላይ ባለው ሆቴል ሞንቴሊዮን ነው። እራቱን እዚያው ወይም በአካባቢው ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ዘነጥ ተብሎ በሚገባበት የክሪዮል (የኒው ኦርሊንስ ነባር አበሳሰል) ምግብ ቤት ልናደርገው አስበናል። ስምንት ነን። ቀኑ ዓርብ ነው፣ አይቀየርም።

የባለቤቴ ወላጆች አሳማ አይበሉም። ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ኦይስተርና ክሮውፊሽም አይነኩም፤ ዓሣ ከሆነ ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ነው። በዚያ ላይ እናቱ ዓርብን ይጾማሉ። አብሮን የሚመጣው የባለቤቴ ጓደኛ ሙስሊም ነው፤ አልኮል በብርጭቆም በሳህንም እንዲቀርብለት አይፈልግም። የቀረነው አምስታችን ሁሉን እንበላለን፣ ኮክቴልም እንጠጣለን።

የማያቸው የምግብ ዝርዝሮች ግን ከላይ እስከ ታች ሽሪምፕና ቋሊማ ናቸው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ከእኛ እኩል ደስ ብሏቸው እንዲበሉ እንጂ ሰላጣ ቀማምሰው እንዲመለሱ አልፈልግም። ምን ልዘዝላቸው? ለወጥ ቤቱስ ምን ብዬ ልናገር? ስለ መጠጡ የምታውቁም ጨምሩበት።

መልስ፦ ምድጃ ፊት

እህቴ፣ ይቻላል፤ ዝርዝሩን በማንበብ ብቻ ግን አይሆንም። በክሪዮል ወጥ ቤት አሳማውና ሽሪምፑ ብዙ ጊዜ በምግቡ ስም ላይ አይታዩም፤ ያሉት መሠረቱ ውስጥ ነው። ጠዋት በትልቅ ድስት የሚጣደው የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊት መረቅ፣ ዱቄቱ የሚቀላበት ስብ፣ ታሶ የሚባለው በቅመም ታሽቶ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ከጎመኑና ከባቄላው ጋር አብሮ የሚቀቀለው የአሳማ ቅልጥም፣ እነዚህን ማታ ላይ ማንም ሊያወጣቸው አይችልም። አስተናጋጁ "ሽሪምፑን እናነሳለን" ሲል የሚያነሳው ከላይ ያለውን ነው፤ መረቁ እዚያው ነው። ስለዚህ ምግቡን በሁለት ክፈዪው፤ ጠዋት በድስት ተሠርቶ የሚጠብቅ እና ትእዛዙ ሲገባ በመጥበሻ የሚጀመር። ለወላጆቹና ለእንግዳችሁ ከሁለተኛው ወገን እዘዢ።

የመጀመሪያው ወገን እነማን እንደሆኑ ልንገርሽ። ጉምቦ የሚባለውን ወፈር ያለ የክሪዮል ወጥ የሚወስነው ሩ የሚሉት ነው፤ ዱቄትና ስብ በእኩል ክብደት ተዋህዶ እስኪጠቁር የሚማሰል ሲሆን ለእነሱ ልክ እንደ እኛ ቁሌት ነው፣ እሱ ከተበላሸ ምንም አያድነውም። ስቡ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ የአሳማ ሞራም ሊሆን ይችላል። የባሕር ጉምቦ መረቁ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ነው። የዶሮው ጉምቦ ስሙ ዶሮ ቢሆንም አንዱዊ የሚባለው በጭስ የበሰለ የአሳማ ቋሊማ ሁልጊዜ አብሮት አለ ብለሽ ቁጠሪ። ጃምባላያ ሩዙ ከቋሊማው ጋር ስለሚበስል የሚነጠል ነገር የለውም። ኤቱፌ ሩዝ ላይ የሚፈስ የክሮውፊሽ ወይም የሽሪምፕ ወጥ ነው። ሰኞ ሰኞ የሚበላው ቀይ ባቄላ በሩዝ ከአሳማ ቅልጥም ወይም በጨው ከተዘፈዘፈ አሳማ ጋር ይቀቀላል። ማክ ሹ የሚባለው የበቆሎ ጥብስ ምንም ክፋት የሌለው ይመስላል፤ ብዙ ቦታ ግን ቤከን ወይም ታሶ አለበት። የኤሊ ሾርባውን ለሦስቱም ተዪው፤ ሼሪ የሚባል ወይንም ይገባበታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን። የዚህ አገር ትልቁ ሀብት ዓሣው ነው፤ ሬድፊሽ፣ ድረም፣ ስፔክልድ ትራውት፣ ስናፐር፣ ፖምፓኖ ሁሉም ክንፍና ቅርፊት አላቸው። ካትፊሽ የሚሉት የእኛው አምባዛ ወገን ነውና ቅርፊት የለውም፣ እሱን እለፉት። ለአማቾችሽ ከሁሉ የምመርጥላቸው "ሬድፊሽ ኦን ዘ ሃፍ ሼል" የሚባለውን ነው። ስሙ ቢያስደነግጥም ከኦይስተር ጋር ግንኙነት የለውም፤ የዓሣው አንድ ጎን ከነቆዳውና ከነቅርፊቱ ቅርፊቱ ወደ እሳቱ ተደርጎ ይጠበሳል፣ ሥጋው ከላይ በሹካ እየተነሳ ይበላል፣ ቅርፊቱ ሳህን ላይ ይቀራል። ስለ ቅርፊቱ የሚጠራጠር ሽማግሌ በዓይኑ ያየዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ከላዩ የሸርጣን ሥጋ መበተን የተለመደ ነው፣ "ያለ ሸርጣን፣ በሎሚና በቅቤ ብቻ" በይ።

የዓሣ አሠራር ስሞቹን ብታውቂ ግማሹ ሥራ አለቀ። ሙንየር ማለት ዱቄት ነክቶ የተጠበሰና በቅቤና በሎሚ የቀረበ ነው። አማንዲን ያው ሆኖ ለውዝ መሰል አልመንድ የተጨመረበት ነው። ፖንቻርትሬን ካየሽ ሸርጣን አለ ማለት ነው። ማርገሪ ካየሽ የሽሪምፕ ሶስ ነው። ኩርቡዮን በክሪዮል ቤት የቲማቲም ሶስ ሲሆን በዓሣ መረቅ ይሠራል፤ መረቁ ከዓሣ አጥንት ብቻ ይሁን ከሽሪምፕ ቅርፊትም ጠይቂ። ብላክንድ የሚሉት ዓሣው ቅቤ ተነክሮ በፓፕሪካ፣ በሚጥሚጣ መሰል ካየን፣ በጦስኝና በነጭ ሽንኩርት ዱቄት ተለውሶ እጅግ በጋለ የብረት መጥበሻ ላይ በየጎኑ 2 ደቂቃ ያህል የሚጠበስ ነው። ይሄ የሉዊዚያናው ሼፍ የፖል ፕሩዶም ሥራ ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ገነነ እንጂ የጥንት ክሪዮል አይደለም፣ ግን አሁን ሁሉም ቤት አለ።

ሁለት ወጥመድ ደግሞ አለ። የኒው ኦርሊንሱ ሙንየር ከፓሪሱ የሚለየው ቡኒ በመሆኑ ነው፤ አንዳንድ ቤት ቅቤውን ብቻ ያጠቁራል፣ አንዳንድ ቤት የጥጃ አጥንት መረቅና የወይን ጠጅ ይጨምርበታል። ለሙስሊሙ እንግዳ ይህን መጠየቅ ግድ ነው። ሌላው ዘይቱ ነው፤ በጥልቅ ዘይት የተጠበሰ ማንኛውም ነገር፣ ድንችም ቢሆን፣ ሽሪምፕና ኦይስተር በወጣበት ዘይት ውስጥ የገባ ነው። ከመጥበሻ እንጂ ከዘይት ገንዳ አትዘዙ።

ለሙስሊሙ ጓደኛችሁ ሥጋው ሐላል ላይሆን ስለሚችል ዓሣ ከሁሉ ይቀላል። ስለዚህ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዓሣ፣ በሦስት አሠራር ማዘዝ ትችያለሽ። ገበታውም አንድ ይሆናል።

ለወጥ ቤቱ የምትነግሪው፦ ከሁለት ቀን በፊት፣ በምሳና በእራት መካከል ወጥ ቤቱ ፋታ በሚያገኝበት ሰዓት ደውዪና ሱ ሼፉን (የዋናውን ሼፍ ምክትል) ወይም የአዳራሹን ኃላፊ አገናኙኝ በይ። "ሁለት ሰዎች በሃይማኖት ምክንያት አሳማና ሼልፊሽ (ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ኦይስተር፣ ክሮውፊሽ) አይበሉም፤ መረቁም ስቡም ጭምር" በይ። "መረቁም ስቡም" የምትለዋ ሐረግ ወሳኝ ናት። አለርጂ ነው አትበዪ። አለርጂ ሲባል መክተፊያ፣ ጓንትና መጥበሻ ሁሉ ይለወጣል፣ ሥራው በመካከል ይቆማል፤ ያው ሰው አጠገቡ ካለው ሳህን ሲቀምስ ከታየ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ የአለርጂ ሰው የሚያምነው ያጣል። ሃይማኖት ነው ካልሽ ደህና ወጥ ቤት በቁም ነገር ይይዘዋል። ማስታወሻው በቦታ ማስያዣው ላይ እንዲጻፍ አድርጊ፤ ማታ ላይ ለአስተናጋጁ እንደገና ድገሚለት።

መልስ፦ እማ ገበታ

ልጄ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ እናትየው ጾም ልጨምርልሽ፤ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ኒው ኦርሊንስ የካቶሊክ ከተማ ነው፤ ዓርብ ቀን፣ በተለይ በእነሱ ዐቢይ ጾም ወራት፣ "የጾም ምግብ" የሚል ዝርዝር ታገኛለሽ። የእነሱ ጾም ግን ከሥጋ ብቻ ነው። ዓሣው በቅቤ ይዋኛል፣ ክሬም አለው፣ እንቁላል አለው፣ ሽሪምፕ ደግሞ ዋናው ነው። ስለዚህ "ጾም" ወይም "ሌንት" የሚለውን ቃል ወጥ ቤቱ ፊት አታንሺ። "ቪጋን" በይ። ቪጋን ሲባል ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የዶሮ መረቅ ሁሉም በአንድ ቃል ይወጣል። አማትሽ በጾም ዓሣ የሚበሉ ከሆነ "ቪጋን፣ ግን ዓሣ ይፈቀዳል" በይ፤ የማይበሉ ከሆነ ቪጋን ብቻ። ይህን ቀድመሽ እሳቸውን ጠይቂ፤ ሰው ፊት መጠየቅ ጥሩ አይደለም።

ዓሣ የሚበሉ ከሆነ ብላክንዱ ይሻላል፤ በቅቤ ፈንታ በዘይት ተነክሮ ይጠበስ። ከቅቤው ይልቅ የሚያጠቁረው ቅመሙ ስለሆነ ብዙም አይጎድልበትም። ሙንየሩ ለእሳቸው አይሆንም፤ ቅቤውን ቢተዉት እንኳ ዓሣው ዱቄት ከመንካቱ በፊት ወተት ወይም እንቁላል ውስጥ የሚነከርበት ቤት ብዙ ነው።

ጎን ላይ የሚቀርበው ይበልጥ ያታልላል። ግሪትስ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ በወተትና በቅቤ ይበስላል። ነጩ ሩዝ በዶሮ መረቅ ወይም በቅቤ ሊሆን ይችላል። ጎመኑ አሳማ አለው። የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና ወተት ነው። የፈረንሳይ ዳቦው በአብዛኛው ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው፣ ቅቤ ሳይቀባ ይምጣ። ባሚያ በቲማቲም ካለ ጥሩ ነው፤ ቤከን እንደሌለበት ጠይቂ።

ለበዓል የሚመጥን ሳህን ከፈለግሽ ግን ሁለት ቀን ቀድመሽ ስትደውዪ "ጉምቦ ዜርብ ያለ ሥጋ" ትሠሩልናላችሁ ብለሽ ጠይቂ። ይሄ ካቶሊኮቹ ለጸሎተ ሐሙስ የሚሠሩት የቅጠል ጉምቦ ነው፤ ዛሬ ሥጋ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው፣ አሠራሩ ግን ያለ ሥጋ ጸንቶ ይቆማል። ቅጠሎቹ በቁጥር ጎዶሎ መሆን አለባቸው ይላሉ፣ 5 ወይም 7 ወይም 9፤ በቅጠሎቹ ቁጥር ልክ በዓመቱ አዲስ ወዳጅ ታፈራለህ የሚል እምነት አላቸው። ሼፉ እምቢ ቢል ወይም ወደፊት ቤትሽ ልሥራው ብትዪ መጠኑ ይሄው፣ ለ8 ሰው ይበቃል።

ዘይት 100 ግራም፣ ዱቄት 100 ግራም፣ ወፍራም ታች ባለው ድስት፣ ከመካከለኛ ዝቅ ባለ እሳት። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይማሰላል፤ ጠርዙ ቀድሞ ስለሚያር ማማሰያው ጠርዙን ይድረስበት። እንደ ሃዘልነት ሲሸት ግማሽ መንገድ ነው፤ እንደ ቸኮሌት ሲጠቁር ደርሷል። ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ አሯል፤ መራራነቱ በምንም አይሸፈንም፣ ደፍተሽ እንደገና ጀምሪ። ሲደርስ ሽንኩርት 400 ግራም፣ ሰለሪ 200 ግራም፣ አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ 200 ግራም ክትፍ ተደርጎ ወዲያው ይገባል፤ የአትክልቱ ውሃ ሩውን ያቀዘቅዘውና ማረሩን ያቆመዋል። እንፋሎቱ ስለሚጋረፍ እጅሽን ጠብቂ። 8 ደቂቃ ሲቆይ ነጭ ሽንኩርት 5 ፍንካች፣ ጦስኝ፣ የቤይ ቅጠል 2፣ ካየን ሩብ የሻይ ማንኪያ። ቀጥሎ የሞቀ የአትክልት መረቅ 2 ሊትር በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል።

ቅጠሉ ጠቅላላ 1 ኪሎ ተኩል ይሁን፤ ጎመን፣ የሰናፍጭ ቅጠል፣ ስፒናች፣ የካሮት ቅጠል፣ ፓርስሊ፣ ቅጠላማ ሽንኩርት፣ የጥቅል ጎመን። ጠንካሮቹን አስቀድሞ ቀቅሎ መክተፍ፣ ውሃቸውንም ከመረቁ ጋር መቀላቀል። ለስላሶቹ መጨረሻ 15 ደቂቃ ሲቀር ይገባሉ። አጠቃላይ አንድ ሰዓት ይንተክተክ። ሩ እየጠቆረ በሄደ መጠን የማወፈር ኃይሉ ስለሚቀንስ ቀጭን ቢመስልሽ ዱቄት አትጨምሪ፤ ከእሳት ካወረድሽው በኋላ ፊሌ የሚባለውን የሳሳፍራስ ቅጠል ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ በትኚበት። ፊሌ ከገባ በኋላ እንደገና ከፈላ እንደ ሙጫ ይጎተታል። ጨው መጨረሻ ላይ።

መልስ፦ ከባሩ ጀርባ

ወደ መጠጡ። የአትላንታዋ፣ ያረፋችሁበት ሆቴል ውስጥ ያለው ካሩሴል ባር ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሽከረከር ነው፤ 25 ወንበር አለው፣ አንድ ዙር በ15 ደቂቃ ይዞራል፣ የሚያዞረውም ሩብ የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር ናት። ወንበሩ ቀድሞ ለደረሰ ነው። ዓርብ ማታ ስምንት ሰው ጎን ለጎን አገኛለሁ ብላችሁ አታስቡ፤ ጎኑ ባለው ሳሎን ጠረጴዛ ያዙና ሁለት ሁለት እየሆናችሁ በተራ ተቀመጡ። ለመጸዳጃ ተነስቶ የተመለሰ ሰው ወንበሩን ሌላ ቦታ እንደሚያገኘው አስቀድማችሁ ለሽማግሌው ንገሩ። ሲወጡና ሲወርዱም ክንዳቸውን ያዟቸው።

እዚያ የሚጠጣው ቪዩ ካሬ ነው፤ በ1930ዎቹ ዋልተር በርገሮን የተባለ ባርማን እዚያው ሆቴል ውስጥ የፈጠረው። ራይ ዊስኪ 30 ሚሊ ሊትር፣ ኮኛክ 30፣ ጣፋጭ ቬርሙት 30፣ ቤኔዲክቲን የሚባለው ጣፋጭ የቅጠላ ቅጠል አልኮል አንድ የባር ማንኪያ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ፔይሾድ ቢተርስ (በአልኮል የተዘፈዘፈ መራራ ማጣፈጫ) 2 ዳሽ፣ ማለትም ጠርሙሱ ሁለቴ ሲነቀነቅ የሚወጣው፣ አንጎስቱራ ቢተርስ 2 ዳሽ። በበረዶ 25 ሰከንድ ያህል ይማሰላል፣ አዲስ በረዶ ላይ ይቀዳል፣ የሎሚ ልጣጭ ይጨመርበታል። ቤት ስትሠሩት የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። ቤኔዲክቲን ከ5 ካለፈ ሽሮፕ ይሆናል፤ ቬርሙቱ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ከሆነ ደግሞ ይኮመጥጣል። ቬርሙት ወይን ነው፣ ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና በአንድ ወር ገደማ ይለቅ። ጥንካሬውን አትናቁት፤ አንድ ብርጭቆ በአሜሪካ መለኪያ ወደ ሁለት መጠጥ ይጠጋል። ጣፋጭነቱ ይሸፍነዋል።

ሳዘራክ ሌላው ነው። የሉዊዚያና ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. የኒው ኦርሊንስ ይፋዊ ኮክቴል ብሎታል። አንድ ትንሽ ብርጭቆ በበረዶ ይቀዘቅዛል። በሌላው ብርጭቆ አንድ ቁራጭ ስኳር በፔይሾድ ቢተርስ 3 ወይም 4 ዳሽ ይርስና ይደቆሳል፣ ራይ 60 ሚሊ ሊትር፣ በረዶ፣ 30 ሰከንድ ማማሰል። የመጀመሪያው ብርጭቆ በረዶው ተደፍቶ ኤርብሳን ወይም አብሳንት 5 ሚሊ ሊትር ውስጡን እያዞሩ ይለቀለቅበታል፣ ትርፉ ይደፋል፤ የኡዞ ወገን የሆነ የአኒስ ዘር ሽታ ብቻ እንዲቀር ነው። ያለ በረዶ ይቀዳል፣ የሎሚ ልጣጭ ዘይቱ ከላይ ተጨምቆ ልጣጩ ይጣላል። በረዶ ስለሌለው ብርጭቆው ካልቀዘቀዘ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለብ ይላል፤ ያኔ የአልኮሉ ግለት ብቻ ይቀራል። ሼከር ውስጥ ያናወጠውን ባርማን አትመኑት።

ራሞስ ጂን ፊዝ ለሚፈልግ ሰው ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ሄንሪ ራሞስ በ1888 እ.ኤ.አ. የሠራው ሲሆን ጂን 60፣ ሎሚ 15፣ ላይም 15፣ የስኳር ሽሮፕ 25፣ ክሬም 30 ሚሊ ሊትር፣ የአንድ እንቁላል ነጭ፣ የብርቱካን አበባ ውሃ 3 ጠብታ ይገባበታል። መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ቀጥሎ በበረዶ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ሙሉ ይናወጣል። ከዚያ ሶዳው በመካከሉ ቀስ ብሎ ሲጨመር አረፋው ከብርጭቆው በላይ ይቆማል። ባሩ ሲጨናነቅ ካዘዛችሁት በ40 ሰከንድ ተናውጦ ይመጣል፣ አረፋውም ወዲያው ይወድቃል። ባሩ ጭር ሲል እዘዙት። ጥሬ እንቁላል ስላለው ለ70 ዓመቱ አባት አልመክርም፤ ለጾመኛዋ እናትማ ክሬሙም እንቁላሉም አይሆንም።

አሠላለፉን በተመለከተ፣ ጠንካሮቹን ከምግቡ በፊት ጨርሱ። ካየን የበዛበት ብላክንድ ወይም ጉምቦ ከሳዘራክ ጋር አፍ ያቃጥላል፤ አልኮሉ የቃሪያውን ግለት ያባብሰዋል። ከምግቡ ጋር ቀዝቃዛ ላገር ቢራ ወይም ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ሪዝሊንግ የሚባል ነጭ ወይን ይሻላል።

አሁን የሙስሊሙ እንግዳ ጉዳይ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። "ያለ አልኮል አንድ ነገር ሥራልኝ" ሲባል ብዙ ባርማን ለጣዕም ቢተርስ ያንጠባጥባል፤ እንደ አልኮል አይቆጥረውም። ፔይሾድ 35 በመቶ፣ አንጎስቱራ 44.7 በመቶ አልኮል ነው። ስለዚህ "ያለ አልኮል፣ ያለ ቢተርስ" ተብሎ ይነገር። ቀለል ብሎ የሚያምረው ይሄ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ 25 ሚሊ ሊትር፣ ሽሮፕ 25፣ የብርቱካን አበባ ውሃ 2 ጠብታ፣ ናና፣ ሶዳ 120፣ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ። የራሞስን ሽታ ይዞ ይመጣል፣ ለእናትየውም ይሆናል። የአበባ ውሃው ከ3 ጠብታ ካለፈ ሽቶ ሽቶ ይላል።

መጠጣችሁን ይዛችሁ ወደ ጎዳና መውጣት ብትፈልጉ ፍሬንች ኳርተር ውስጥ ይፈቀዳል፣ በላስቲክ ኩባያ ከሆነ ብቻ፤ ብርጭቆና ጠርሙስ ክልክል ነው።

የአትላንታዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማም ወንድሞቼም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ለልደቱ ባናናስ ፎስተር የሚባለው የሙዝ ጣፋጭ ጠረጴዛ ድረስ መጥቶ እሳት ሲለኮስበት አማቴ እንዲያዩት ፈልጌ ነበር። አልኮሉ ስለሚቃጠል እንግዳችን ቢበላው ችግር አለው? ሁሉን የምንበላው አምስታችንስ የትኛውን ሳንቀምስ መመለስ የለብንም?

መልስ፦ ምድጃ ፊት

አልኮሉ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ከላይ የሚተነው ብቻ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው እሳት ከተለኮሰበት ምግብ ውስጥ 75 በመቶው አልኮል ይቀራል። ለግማሽ ሰዓት የተንተከተከ ወጥ ውስጥ እንኳ 35 በመቶ ይቀራል። ስለዚህ እንግዳችሁ አይብላው፤ ዊስኪ ሶስ የሚፈስበትን የዳቦ ፑዲንግም እንዲሁ።

ግን ትርዒቱን አታስቀሩ። ባናናስ ፎስተር በ1951 እ.ኤ.አ. ብሬናንስ በሚባለው የኒው ኦርሊንስ ምግብ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ቅቤ 55 ግራም፣ ቡናማ ስኳር አንድ ኩባያ፣ ቀረፋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀልጦ የሙዝ ሊኬር (ጣፋጭ አልኮል) 60 ሚሊ ሊትር ይገባል፣ በርዝመታቸው የተሰነጠቁ 4 ሙዞች ለስለስ ይላሉ፣ በመጨረሻ ጥቁር ሩም 60 ሚሊ ሊትር ገብቶ ይለኮሳል፣ አይስክሬም ላይ ይፈስሳል። ለእንግዳው ወጥ ቤት ውስጥ በሌላ መጥበሻ፣ ሊኬሩና ሩሙ በብርቱካን ጭማቂ ተተክቶ ይሠራለት፤ ለእናትየው ቅቤው በኮኮናት ዘይት፣ አይስክሬሙ ወተት በሌለበት የፍራፍሬ በረዶ፣ በሶርቤ፣ ይቀየር። ይህንንም በስልኩ ላይ ቀድመሽ ተናገሪ። ጠረጴዛ ላይ ላለው አስተናጋጅ ብትነግሪው አንድ መጥበሻ ብቻ ነው የያዘው። የአይስክሬሙን ቫኒላም የሚጠነቀቅ ሰው ከሆነ ለእሱም ሶርቤ ይሁን፤ የቫኒላ ኤክስትራክት በአልኮል ነው የሚወጣው።

እሳቱ ሲለኮስ ነጠላና ሻርፕ ከጠረጴዛው ይራቅ። አማትሽ በሐበሻ ልብስ የሚመጡ ከሆነ ከመጥበሻው ተቃራኒ በኩል አስቀምጫቸው።

ለአምስታችሁ፦ የባሕር ጉምቦውን አንድ አንድ ኩባያ ያዙ፣ ሙሉ ሳህን አትዘዙ፣ ሆድ ይሞላል። "ባርቤኪዩ ሽሪምፕ" የሚባለውን እንዳታልፉት፤ በከሰል አይነካም፣ ከነቅርፊቱ በቅቤ፣ በዉስተርሺር ሶስና በብዙ ቁንዶ በርበሬ የሚሠራ ነው፣ ሶሱ የሚበላው በዳቦ ነው። ክሮውፊሽ ወቅቱ ከጥር መጨረሻ እስከ ሰኔ ገደማ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ውጭ የቀዘቀዘ ስለሚሆን ሌላ እዘዙ። ጥሬ ኦይስተር የጉበት ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ሰው አይንካው፤ ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ለእንዲህ ያለ ሰው ሕይወት ያሰጋል፣ ሎሚና በርበሬው አይገድለውም። በፍም የተጠበሰው ግን በደንብ ከበሰለ ይሆናል።

መልስ፦ እማ ገበታ

ሂሳቡን በተመለከተ አንድ ነገር፣ ልጄ። ስድስት ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ቤት ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ራሱ ይደምራል። ወረቀቱን ሳታዪ ሁለተኛ እንዳትጨምሪ። ባሩ ላይ የጠጣችሁትን እዚያው ክፈሉና ወደ ገበታው ግቡ፤ ወደ ምግቡ ሂሳብ ሲዛወር አንዳንዴ ባርማኑ ድርሻውን ያጣል። ቡናውንም አትርሱ፣ ከቺኮሪ ሥር ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ቺኮሪ ካፌን የለውም፣ መራራ ነው፣ በወተት ስለሚቀርብ ለጾመኛዋ አማትሽ ጥቁሩን እዘዢላቸው።